ብሬከሩ ሳይወርድ ቤቱ ለምን ይቃጠላል?

ባሕር ዳር ላይ አንድ ቤት ተቃጠለ ሲባል ምክንያቱን ለመስማት ብዙ መጠበቅ አያስፈልግም። «ኮንታክት ነው» ይባላል፤ ወሬው እዚያው ላይ ያልቃል። አባይ ማዶ ይሁን ሽምብጥ ወይም ሹም አቦ አካባቢ፣ መልሱ ያው ነው። ትንሽ ጠለቅ ብሎ የሚያስብ ሰው ካለ ግን አንድ ጥያቄ ይጨምራል፦ «ቤቱ ብሬከር አልነበረውም እንዴ? ታዲያ ለምን አልወረደም?»

ጥያቄው ጥሩ ጥያቄ ነው። መልሱ በደንብ ስለማይታወቅ ብሬከር ያስገጠመ ሰው ሁሉ ከእሳት የዳነ ይመስለዋል። ብሬከር ኮረንቲ ከልክ ሲያልፍ በራሱ ወርዶ የሚቆርጥ ማጥፊያ ነው። የግድ ያስፈልጋል፤ ያለ እሱ ኤሌክትሪክ መጠቀም አደጋ ነው። ነገር ግን እሳት ከሚነሳባቸው የተለመዱ መንገዶች አንዱን ብሬከር ጨርሶ አያየውም። እሱን ማየት የሚችለው በቤቱ ውስጥ የሚኖረው ሰው ነው፣ ያውም ምን እንደሚፈልግ ካወቀ።

ብሬከር የሚያየውና የማያየው

ኮረንቲ በአንድ ሽቦ መጥቶ በሌላው ይመለሳል። የሚያመጣው ፌዝ ይባላል፣ የሚመልሰው ኒውትራል። የሁለቱ ልባስ ተልጦ በቀጥታ ሲነካኩ በመሃል የሚያግድ ነገር ስለሌለ እጅግ ብዙ ኮረንቲ በአንድ ጊዜ ይፈሳል። ብልጭ ይላል፣ ይጮኻል። ኮንታክት የሚባለው በትክክል ይህ ነው። ደህና ብሬከር ይህን ከሰከንድ ባነሰ ጊዜ ይቆርጠዋል። ስለዚህ ሰው ሁሉ የሚፈራው ኮንታክት፣ ጤነኛ ብሬከር ባለበት ቤት ውስጥ በቀላሉ የሚያዘው አደጋ ነው።

ሁለተኛው መንገድ የጭነት መብዛት ነው። ሽቦ ከአቅሙ በላይ ኮረንቲ ሲያልፍበት ይሞቃል። ሙቀቱ ደግሞ ከኮረንቲው በፈጠነ መጠን ያድጋል፤ ኮረንቲው እጥፍ ሲሆን ሙቀቱ አራት እጥፍ ይሆናል። በየግድግዳችን ውስጥ ያለው ሽቦ የለበሰው ፕላስቲክ በአብዛኛው እስከ 70 ዲግሪ ሴንቲግሬድ እንዲችል የተሠራ ነው። ከዚያ በላይ እየጋለ ዓመታት ከቆየ ይደርቃል፣ ይሰነጠቃል፣ ሲነኩት ይፈረፈራል። ብሬከር ይህንንም ያያል፣ መጠኑ ከሽቦው ጋር ከተመጣጠነ ማለት ነው።

ሦስተኛው የላላ ማያያዣ ነው። ብዙ የማይወራለት እሱ ነው፤ እዚህ ላይ ትንሽ ቆም ብለን እንየው።

አንድ የእንጀራ ምጣድ 3,500 ዋት ገደማ ይወስዳል። በ220 ቮልት ሲካፈል ወደ 16 አምፔር ይመጣል፤ አምፔር የሚያልፈው ኮረንቲ የሚለካበት ነው። አሁን ምጣዱ የሚሰካበት ሶኬት ውስጥ አንዱ ብሎን ላልቷል እንበል። ወይም ሶኬቱ አርጅቶ የፕለጉን እግር ጠበቅ አድርጎ አይዝም። በዚያች ነጥብ ላይ 0.2 ኦም የምታህል እንቅፋት ትፈጠራለች። ኦም ኮረንቲ እንዳያልፍ የሚያግድ ነገር የሚለካበት ነው፤ 0.2 ደግሞ ከቁጥር የማትገባ ትንሽ ናት። ነገር ግን 16 አምፔር ሲያልፍባት እዚያች የብሎን ጫፍ ላይ 50 ዋት የሚያህል ሙቀት ይፈጠራል። የድሮውን ባለ 60 ዋት አምፑል እንደበራ በእጁ የሚይዝ ሰው የለም፣ ይፋጃል። እሱን የሚጠጋ ሙቀት በአንድ ብሎን ላይ፣ በፕላስቲክ ታፍኖ፣ ሊጡ እስኪያልቅ ድረስ ይነዳል።

ብሬከሩስ? ለእሱ ምንም አልተለወጠም። እንዲያውም ያቺ እንቅፋት በመጨመሯ የሚያልፈው ኮረንቲ በጥቂቱ ቀንሷል። ብሬከር የሚከታተለው በራሱ ውስጥ የሚያልፈውን ኮረንቲ ብቻ ነው። ኩሽና ያለው ሶኬት ይጋል አይጋል የሚያውቅበት መንገድ የለውም።

ይህ በአንድ ቀን የሚሆን ነገር አይደለም። ብሎኑ ሲሞቅ ይለጠጣል፣ ሲቀዘቅዝ ይሰበሰባል፣ በየጊዜው ይበልጥ ይላላል። ብረቱ ይጠቁራል፤ የጠቆረ ብረት ደግሞ ኮረንቲን ይበልጥ ያግዳል። ይበልጥ ሲያግድ ይበልጥ ይሞቃል። ከሶኬቱ ጀርባ ያለው እንጨት ወይም ጭድ የተቀላቀለበት ደረቅ ጭቃ ከወር እስከ ወር ይጠበሳል። አንድ ቀን ይያያዛል። «ስንት ዓመት ጋግረንበት ምንም አልሆነም» የሚለው አባባል የማያስተማምነውም ለዚህ ነው፤ ያ ሁሉ ዓመት መጋገሩ ራሱ ነው ማያያዣውን የሚያደክመው።

አንድ ነገር ልጨምር። ከእሳት በኋላ ፍርስራሹ ውስጥ የቀለጠ ሽቦ መገኘቱ ብቻውን እሳቱን ያስነሳው ኤሌክትሪክ ነው አያሰኝም። ከሻማ ወይም ከከሰል የተነሳ እሳትም የሽቦውን ልባስ አቅልጦ ፌዝና ኒውትራሉን ያነካካል። ያኔ ኮንታክቱ የእሳቱ ልጅ ነው እንጂ እናቱ አይደለም። መርማሪ ሳያየው ከሩቅ የሚሰጥ ፍርድ ብዙ ጊዜ ይህን ይስታል።

ምጣድ፣ ዲቫይደር እና የተቀየረ ብሬከር

የብዙ ነባር ቤቶች መስመር የተዘረጋው ለጥቂት አምፑል፣ ለአንድ ሬዲዮና ለካውያ ታስቦ ነው። ዛሬ በዚያው ሽቦ ላይ ምጣድ፣ ስቶቭ፣ ውሃ ማፍያ፣ ፍሪጅና ቴሌቪዥን ተደርድረዋል። ጊቢው ተከፋፍሎ ሲከራይ ደግሞ ለእያንዳንዱ ሰርቪስ ክፍል ከዋናው ቤት ቀጭን ሽቦ ይቀጠላል። በአንድ ቆጣሪ ላይ አራት አምስት ቤተሰብ ይኖራል፤ ቅዳሜ ጠዋት ሁሉም ይጋግራል።

ከዚያ ብሬከሩ መውረድ ይጀምራል። አንዴ ይወርዳል፣ ይነሳል፣ ደግሞ ይወርዳል። ተከራይ ያማርራል፣ አከራይ ይሰለቻል። ባለሙያ ነኝ የሚል ሰው ይጠራና ባለ 16 አምፔሩን አውጥቶ ባለ 32 ወይም ባለ 40 ይተካል። ችግሩ የተፈታ ይመስላል፤ ከዚያ በኋላ ብሬከሩ አይወርድም። ሽቦው ግን አልተቀየረም። ባለ 2.5 ካሬ ሚሊሜትር ሽቦ በግድግዳ ውስጥ ሆኖ 20 አምፔር ገደማ ነው አቅሙ፣ አሁን 40 እስኪሞላ ድረስ የሚያቆመው የለም። በድሮው የሸክላ ባልቦላ ዘመን የተቃጠለውን በመዳብ ሽቦ አስሮ መመለስ የተለመደ ነበር፤ ይህም ያው ነው፣ በአዲስ ዕቃ ተሠራ እንጂ። በእኔ ግምት በቤታችን ውስጥ ከሚደረጉ ስህተቶች ሁሉ አደገኛው ይህ ነው። ሌላው ስህተት አደጋ ይፈጥራል፤ ይህኛው ጠባቂውን ያሰናብታል።

መጠኑ ቢታወቅ ጥሩ ነው። ለአምፑል መስመር ባለ 1.5 ሽቦ ከ10 አምፔር ብሬከር ጋር ይሄዳል። ለተራ ሶኬት ባለ 2.5 ከ16 ጋር። ለምጣድ ከብሬከሩ ሳጥን ተነስቶ ሌላ ምንም ሳይጋራው የሚሄድ ባለ 4 ካሬ ሚሊሜትር ሽቦ፣ ከ20 ወይም ከ25 አምፔር ብሬከር ጋር። ርቀቱ ከረዘመ ሽቦው ይወፍራል። የሽቦው ውፍረት ልባሱ ላይ ታትሟል፣ የብሬከሩም ቁጥር ፊቱ ላይ ተጽፏል። ዋናውን አጥፍቶ ሁለቱን ለማመሳከር መሐንዲስ መሆን አያስፈልግም።

ዲቫይደሩን ገልበጥ አድርጋችሁ እዩት። ብዙዎቹ ላይ 10 አምፔር ወይም 2,200 ዋት የሚል ጽሑፍ አለ። ውሃ ማፍያ ብቻውን 2,000 ዋት ሊወስድ ይችላል፤ አጠገቡ ስቶቭ ሲሰካ ገደቡ አለፈ። አምስት ቀዳዳ አለው ማለት አምስት ነገር ይችላል ማለት አይደለም። ምጣድ በዲቫይደር ላይ መሰካት የለበትም። ገመዱ ረዝሞ ተጠቅልሎ የተቀመጠ ከሆነ ደግሞ ሙቀቱ መውጫ አጥቶ ጥቅልሉ መሃል ይከማቻል።

የቡና ሥርዓቱንም ልብ በሉ። ከሐይቁ ዳር የመጣ ቄጤማ ትኩስ እያለ እርጥብ ነው፣ በሦስተኛው ቀን ግን ደረቅ ሣር ነው። በላዩ ላይ የቴሌቪዥኑ ገመድ ያልፋል፣ አጠገቡ የከሰል ምድጃ አለ። ቄጤማው ከደረቀ ጠርጎ ማውጣት፣ ገመዱንም በግድግዳው ጥግ ማሳለፍ ይበቃል።

አሁን ደግሞ አዲስ ነገር መጥቷል። በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች ወደ አገር ውስጥ እንዳይገቡ ከ2016 ዓ.ም. ጀምሮ ከተከለከለ ወዲህ የኤሌክትሪክ መኪና በየመንገዱ ይታያል። መኪናው ከተራ ሶኬት ላይ ሲሞላ የሚወስደው ኮረንቲ ከምጣድ ላይበልጥ ይችላል። ልዩነቱ ሰዓቱ ነው። ምጣድ ሁለት ሰዓት ሠርቶ ያርፋል፤ መኪና ሌሊቱን ሙሉ ይጎትታል፣ ያውም ሰው ተኝቶ። ማያያዣው የላላ ከሆነ ያቺ ብሎን ስምንት ሰዓት ያለ ማቋረጥ ትጋላለች። መኪና ለመግዛት የሚዘጋጅ ቤተሰብ የቻርጅ መስመሩን ከመኪናው እኩል ያስብበት።

ጥፋቱ የመብራት ኃይል ነው ወይስ የቤቱ?

እዚህ ላይ ሦስት ዓይነት አስተያየት ይሰማል። አንዱ ኃይሉ ስለሚዋዥቅ ነው ይላል። ሁለተኛው ነዋሪው ራሱ ያለ ባለሙያ መስመር እየቀጣጠለ ነው ይላል። ሦስተኛው ገበያው በማይረባ ዕቃ ስለተሞላ ነው ይላል። ሦስቱም እውነት አላቸው፤ ግን የሚያወሩት ስለ ተለያየ እሳት ነው።

የኃይል መዋዠቅን እንውሰድ። በበዓል ዋዜማ ሰፈሩ ሁሉ ሲጋግር ቮልቱ ይወርዳል። ያኔ ምጣዱ አይጎዳም፤ የሚወስደው ኮረንቲ ስለሚቀንስ እንጀራው ይዘገያል እንጂ። የሚጎዳው ሞተር ያለው ዕቃ ነው። የፍሪጅ ሞተር በዝቅተኛ ቮልት መነሳት ሲያቅተው እያጉረመረመ ከመጠን በላይ ይጎትታል፣ ይጋላል።

ከዚህ የባሰው የኒውትራል መበጠስ ነው። ከትራንስፎርመሩ የሚወጣው መስመር ሦስት ፌዝና አንድ ኒውትራል አለው፣ ቤቶቹ በሦስቱ ፌዝ ላይ ተከፋፍለው ይቀጠላሉ። በሁለት ፌዝ መካከል ያለው 380 ቮልት ነው። ፖሉ ላይ ኒውትራሉ ቢበጠስ በተለያየ ፌዝ ላይ ያሉ ቤቶች ይህን 380 እርስ በርስ ይካፈሉታል፤ አካፋፈሉ ግን እኩል አይደለም። ብዙ ዕቃ ያበራው ቤት ጥቂት ቮልት ይደርሰዋል፣ አንድ አምፑልና ቴሌቪዥን ብቻ ያበራው ቤት ደግሞ ከ300 በላይ ሊደርሰው ይችላል። ምልክቱ ግልጽ ነው፦ የእናንተ አምፑል ከወትሮው በላይ ቦግ ይላል፣ የጎረቤት ይደበዝዛል። ይህን ያየ ሰው ምንም ሳይመራመር ዋናውን ያጥፋ፣ ለጎረቤት ይንገር፣ ለኤሌክትሪክ አገልግሎት በ905 ይደውል። ይህ ከቤት ውጭ የተፈጠረ ችግር ነው፣ ማስተካከልም ያለበት አገልግሎቱ ነው።

የላላ ብሎን፣ ከአቅም በላይ የተለቀቀ ብሬከርና በዲቫይደር ላይ የተጫነ ዲቫይደር ግን ከቆጣሪው በኋላ ያሉ ነገሮች ናቸው። እነሱን የመብራት ሠራተኛ መጥቶ አያያቸውም። ጥራት የሌለው ዕቃ ደግሞ ሁሉንም ያባብሳል፤ የሶኬቱ ውስጠኛ ብረት ቀጭን ከሆነ በጥቂት ወር ውስጥ ይደክማል። በአገልግሎቱ ላይ ቅሬታ ማቅረብ መብት ነው፣ ይቅረብ። ነገር ግን ቅሬታው መልስ እስኪያገኝ ድረስ ከቆጣሪው ወዲህ ያለው ቤት ሥራ ይጠብቃል።

መብራት ሄዶ ሲመጣ

ምጣዱ እንደጋለ መብራት ይሄዳል። ሊጡ ይከደናል፣ እናት ገበያ ትወጣለች፣ ልጆች ወደ ጨዋታቸው ይሄዳሉ። ምጣዱ ግን እንደተሰካ ነው፤ በላዩም ሰፌዱ ወይም የማሰሻው ጨርቅ ቀርቷል። ከሁለት ሰዓት በኋላ መብራት ሲመጣ ማንም ቤት የለም። ካውያም፣ ስቶቭም እንዲሁ። ይህን ለመከላከል ዕውቀትም ገንዘብም አይጠይቅም። መብራት እንደሄደ ሙቀት የሚያወጣ ዕቃ ሁሉ ይነቀላል፣ መምጣቱን እንድታውቁ አንድ አምፑል ብቻ ትተዋላችሁ። ቤቱን ለቆ የሚወጣ ሰው ደግሞ ዋናውን ያወርዳል።

በጨለማው ሰዓት የሚመጣው ሌላው አደጋ ሻማ ነው። ሻማ በፕላስቲክ ወንበር ወይም በመጋረጃ አጠገብ አይቀመጥም፤ ሰፋ ባለ ሳህን ላይ አሸዋ አድርጎ መትከል ይሻላል፣ ከመተኛት በፊት ማጥፋት ግድ ነው። ቻርጅ የሚደረግ መብራት ካለ ሻማ አያስፈልግም።

የነዳጅ እጥረት ሲኖር ቤንዚን በሃይላንድ ወይም በጄሪካን ቤት ውስጥ የሚያስቀምጡ አሉ። ችግራቸው ይገባኛል፣ የባጃጅ ሹፌር ያለ ነዳጅ ቀኑ ባዶ ነው። ግን የቤንዚን ትነት ከአየር ይከብዳል፣ ወለል ለወለል ይሄዳል፣ ፍሪጁ ሲነሳና ሲጠፋ የምትፈጠር የማትታይ ብልጭታ ትበቃዋለች። ቤንዚን ሰው በሚተኛበት ቤት ውስጥ አይቀመጥም። ጄኔሬተርም ከቤት ውጭ ነው ቦታው፤ ጭሱ ውስጥ ያለው ካርቦን ሞኖክሳይድ ሽታ ስለሌለው የተኛን ሰው ሳይቀሰቅስ ይገድላል። በር ዘግቶ ከሰል ማንደድም ያው ነው።

ክረምቱ

በሰኔና በሐምሌ የሚመጣው ነፋስና ዝናብ የራሱ ጣጣ አለው። ቆርቆሮው ያፈሳል፣ ውሃው ኮርኒሱ ላይ ይጠራቀማል። ኮርኒስ ውስጥ ደግሞ ሽቦ አለ፤ አይጥ የበላው፣ በፕላስተር የተጠቀለለ። ከፖል የሚመጣው ገመድ ከቆርቆሮው ጠርዝ ጋር ሲፋተግ ልባሱ ይላጥና ጣሪያው በሙሉ ኮረንቲ ይይዛል። ግድግዳው፣ የልብስ ማስጫ ሽቦው ወይም ቧንቧው ትንሽ ነዘረኝ የሚል ሰው ካለ እንደ ቀልድ አይታለፍ፤ የኮረንቲ ፍሳሽ አለ ማለት ነው።

ለዚህ የሚሆን መሣሪያ አርሲዲ ይባላል። በፌዝ የወጣውንና በኒውትራል የተመለሰውን ኮረንቲ እያወዳደረ የ30 ሚሊ አምፔር ያህል ልዩነት ሲያይ ይቆርጣል። ሰውን ከመነዘር፣ እርጥብ ግድግዳንም ከፍሳሽ ይጠብቃል። የላላውን ብሎን ግን እሱም አያየውም፤ እዚያ ወጥቶ የቀረ ኮረንቲ የለምና።

በሐይቁ ምሥራቅ በፎገራ፣ በሰሜን ደግሞ በደንቢያ ሜዳ ክረምት ላይ ውሃ ቤት ድረስ ይገባል። ውሃው ሶኬት ላይ ከመድረሱ በፊት ዋናውን ማጥፋት ያስፈልጋል። ውሃው ከገባ በኋላ ግን እግርን ነክሮ ወደ ብሬከር መሄድ አይገባም። ጎርፉ ከጎደለም በኋላ ሶኬቶቹ ተከፍተው ሳይደርቁና ሳይታዩ መብራት አይለቀቅም። ነጎድጓድ ሲጀምር ደግሞ ቴሌቪዥንና ዲሽ መንቀል ነው።

በእጅ፣ በአፍንጫና በጆሮ

ብሬከሩ የማያየው የላላ ማያያዣ ለሰው ምልክት ይሰጣል። ጋግራችሁ ስትጨርሱ ምጣዱን አጥፉና ፕለጉን ንቀሉ። እግሮቹን ተመልከቱ፤ አንደኛው ከሌላው ይልቅ ጠቁሮ ወይም ሰማያዊ ጥላ ይዞ ከሆነ፣ በዙሪያው ያለው ፕላስቲክ ቡናማ ሆኖ ወይም ለስልሶ ከሆነ፣ የሶኬቱም አንደኛው ቀዳዳ ጠርዙ ከተጠበሰ እዚያ ጋ ማያያዣው ደክሟል። ሞቅ ማለቱ ያለ ነው። እጅ የማያስቀምጥ ከሆነ ግን ያ ሶኬት ከዚያ ቀን በኋላ መሥራት የለበትም። ሁለቱም ይቀየራሉ፤ ፕለጉን ብቻ ቀይሮ በተቃጠለው ሶኬት ላይ መሰካት አዲሱን በሳምንታት ውስጥ ያበላሸዋል።

የጋለ ፕላስቲክ አንዳንዴ የዓሣ ሽታ ይሸታል። እዚህ ከተማ ዓሣ በየቤቱ ስለሚሠራ ሽታው ቶሎ አያስደነግጥም። ዓሣ ሳይሠራ ቤቱ ዓሣ ዓሣ ካለ፣ በተለይ ምጣድ ወይም ካውያ ሲሰካ፣ ሶኬቶቹን አንድ በአንድ ተጠግቶ ማሽተት ነው። ከማብሪያ ማጥፊያው ውስጥ የዝንብ ዓይነት ድምፅ መሰማቱ፣ አንድ ክፍል ውስጥ ብቻ አምፑል ብልጭ ድርግም ማለቱ፣ ምጣድ ሲሰካ የሳሎኑ መብራት በጣም መድከሙ፣ ብሬከሩ ያለ ምክንያት ደጋግሞ መውረዱ ሁሉም መስመሩ መታየት እንዳለበት ያመለክታሉ። የሚወርድ ብሬከርን መልሶ መላልሶ ማንሳት ጆሮ ዳባ ልበስ ማለት ነው።

እሳቱ ቢነሳስ?

በመጀመሪያ፣ ቀን ቀን ቤት የሚውለው ማን ነው? በብዙ ቤት የቤት ሠራተኛዋ፣ ትንንሽ ልጆችና አያት ናቸው። ምጣዱን የምትጠቀመው እሷ ናት፣ ሽታውንም ቀድማ የምትሰማው እሷ ናት። ዋናው ማጥፊያ የት እንዳለ የሚያውቀው ግን ቀኑን ሥራ የሚውለው አባወራ ብቻ ነው። ይህ መገልበጥ አለበት። ቆጣሪው ጋ ተወስዳ፣ በእጇ አውርዳና አንስታ ታየው። ሰባት ስምንት ዓመት የሞላው ልጅም እንዲሁ። ማጥፊያው ፊት ሳጥን፣ ማዳበሪያ ወይም እንጨት አይደርደር።

የኤሌክትሪክ እሳት ላይ ኮረንቲ ሳይቋረጥ ውሃ አይደፋም፤ ውሃው ራሱ ይነዝራል። ይህን ከባሕላችን ጋር አያይዤ ልበል። አንድ ቤት ሲቃጠል ጎረቤት በጄሪካንና በባልዲ ተሰልፎ ይደርሳል፤ ትልቅ ነገር ነው። ነገር ግን ከተሰለፈው ሰው መካከል አንዱ በመጀመሪያ የቤቱን መስመር ማጥፋት አለበት፤ ቆጣሪው ጋ ለመድረስ እሳቱን ማቋረጥ ግድ ካልሆነ ማለት ነው። ካልተቻለ ደረቅ አሸዋ ወይም አፈር ነው የሚሻለው፣ ወይም የዱቄት ማጥፊያ። ትንሹ የዱቄት ማጥፊያ አሥር ሰከንድ ያህል ብቻ ይረጫል። ፒኑ ይነቀላል፣ ወደ ነበልባሉ ጫፍ ሳይሆን ወደ ሥሩ ይረጫል። የዘይት እሳት ላይ ውሃ አይደፋም፣ ክዳን ይደፋበታል።

እሳቱ ኮርኒስ ላይ ከደረሰ ማጥፋቱን ትቶ መውጣት ነው። ጣሪያው ጨርቅ ወይም ቀጭን ጣውላ በሆነበት ቤት ከላይ የሚሄደው እሳት ታች ካለው ሰው ይፈጥናል። ብዙ ሰው የሚሞተው በእሳቱ ሳይሆን በጭሱ ነው፤ ተኝቶ ያለ ሰው ደግሞ ሽታ አይቀሰቅሰውም። በባትሪ የሚሠራ የጭስ ማስጠንቀቂያ የሚያስፈልገውም ለዚህ ነው። ጭስ ወደ ላይ ስለሚወጣ ጎንበስ ብሎ፣ ካስፈለገም ተንበርክኮ መሄድ ያስፈልጋል። የተዘጋ በር ሲደረስ በእጅ ጀርባ ይነካል፤ ከጋለ አይከፈትም። ከወጡ በኋላ በሩን ዘግቶ መሄድ እሳቱን ያዘገያል።

አሁን አስቸጋሪው ነገር። መስኮቶቻችን በብረት የተፈረገረጉ ናቸው፣ የሳሎኑ በር በቁልፍ፣ የጊቢው በር በጓጉንቸር ተቆልፎ ነው የሚታደረው። ሌባን ለመከላከል የተደረገ ነው፣ ምክንያቱም አለ። ሌሊት ጭስ ሲሞላ ግን ያው ብረት ቤተሰቡን ያስቀራል። መፍትሔው መሃል ላይ ነው፦ ከመኝታ ክፍል መስኮቶች ቢያንስ አንዱ ከውስጥ በኩል የሚከፈት ማጠፊያ ቢኖረው። ብረት በያጅ በአንድ ቀን ይሠራዋል። የበሮቹ ቁልፎች ደግሞ ሁልጊዜ አንድ ቦታ ላይ ይሰቀሉ፣ ልጅ በሚደርስበት ከፍታ፣ ከመስኮት ግን በእጅ በማይደረስበት። አንድ ማታ መብራት አጥፍታችሁ ሁሉም ከአልጋው ተነስቶ እስከ ጊቢው በር ሲወጣ አንድ ጊዜ ሞክሩት። ቁልፉ የጠፋበት ቤት ያኔ ይታወቃል። ከጊቢ ውጭ መሰብሰቢያ ይኑራችሁ፣ ከኤሌክትሪክ ፖል የራቀ፤ እዚያ ሰው ይቆጠራል። የጎደለ ከሌለ ለዕቃ ብሎ የሚመለስ አይኑር። ካርታው፣ የልደት ሰርተፍኬቱና መታወቂያው ቅጂያቸው ዘመድ ቤት ቢቀመጥ ተመለሱ የሚያሰኝ ነገር ይቀንሳል።

ስልክ ቁጥርም አለ። 939 የአዲስ አበባ የእሳት አደጋ መስመር ነው፤ ባሕር ዳር ያለ ሰው የከተማውን የእሳት አደጋ ቁጥር ከቀበሌው ወይም ከክፍለ ከተማው ጠይቆ በር ጀርባ ላይ ይጻፍ። የቀይ መስቀል አምቡላንስ 907 ነው። ሲደወል «እሳት! እሳት!» ብሎ መዝጋት አይረዳም። የጎዳና ስምና የቤት ቁጥር በማይታወቅበት ሰፈር መኪናው የሚመራው በቤተ ክርስቲያን፣ በትምህርት ቤትና በአስፋልት መገንጠያ ነው። አንድ ሰው መገንጠያው ላይ ወጥቶ ይቁም። መንገዱ ላይ የተደረደረ ድንጋይና አሸዋ ካለ ሌላው ያንሳ።

ኮረንቲ የያዘውን ሰው በእጅ አትንኩት፤ መጀመሪያ መስመሩን ማጥፋት፣ ካልተቻለ በደረቅ እንጨት ሽቦውን ማራቅ። ተነዝሮ የተረፈ ሰው ደህና ነኝ ቢልም የልብ ምቱ ሊዛባ ስለሚችል ወደ ፈለገ ሕይወት ወይም ወደ ጥበበ ግዮን ሆስፒታል ወስዶ ማስመርመር ያስፈልጋል። ቃጠሎ ላይ ቀዝቃዛ የቧንቧ ውሃ ለ20 ደቂቃ ይፈስበታል። የጥርስ ሳሙና፣ ቅቤ፣ እንቁላል አይቀባም፤ ሙቀቱን ውስጥ ያስቀራሉ፣ ቁስሉንም ያቆሽሻሉ።

ገንዘቡ ትንሽ ከሆነ ከየት ይጀመር?

ሁሉን በአንዴ መሥራት የሚችል ቤት ጥቂት ነው። ዕቃ መንቀል፣ ቁልፍ መስቀል፣ ማጥፊያውን ማሳየትና የሌሊቱ ሙከራ በነጻ ናቸው። ገንዘብ ሲገኝ መጀመሪያ የምጣዱ ሶኬትና ፕለግ ይቀየር። ቀጥሎ ብሬከሩ ከሽቦው ጋር መመጣጠኑ ይታይ፤ ከአቅም በላይ የተለቀቀ ካለ ወደ ልኩ ይመለስ። ከዚያ በኋላ ለምጣዱ የራሱ መስመር፣ ከዚያ አርሲዲና ወደ መሬት የሚወርድ ኧርዝ። ሙሉ መስመር መቀየር መጨረሻ ላይ ነው፣ ቤቱ በጣም ያረጀ ካልሆነ በስተቀር። ሥራውን የሚሠራው ከነዳጅና ኢነርጂ ባለሥልጣን የብቃት ማረጋገጫ ያለው ባለሙያ ቢሆን ይመረጣል፣ ወረቀቱን ለማየት መጠየቅ ነውር የለውም። ሲጨርስም ሁሉንም ብሎን አጥብቆ እንደሆነ ጠይቁት።

ተከራይ የሆነ ሰው «የሰው ቤት ላይ ለምን ብሬን አወጣለሁ» ይላል፣ አከራይም «እኔ እዚያ ምጣድ አልሰካሁም» ይላል። ሁለቱም እንዳሉ ሶኬቱ መጥቆሩን ይቀጥላል። የአንድ ሶኬትና ፕለግ ዋጋ ከአንድ ወር ኪራይ ጋር ሲተያይ ትንሽ ነው፤ ተከራዩ ገዝቶ ደረሰኙን ለአከራዩ ቢሰጥና ከሚቀጥለው ኪራይ ላይ ቢታሰብለት ሁለቱም አይጎዱም። የምጣድ መስመሩን ግን አከራዩ መሥራት አለበት፣ ተከራይ ይሄዳል መስመሩ ይቀራልና። ውል ሲታደስ ይህ ከኪራዩ መጠን ጋር አብሮ ቢጻፍ ቅዳሜ ጠዋት ብሬከር ሲወርድ የሚነሳው ጭቅጭቅ ግማሹ ይቀራል።